«በካሬ ይሄን ያህል ብቻ፣ ከነገጠማው» ለሚላችሁ የግራናይት ሻጭ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት

የሚከራይ ወይም የሚሸጥ ቤት እያደሳችሁ ለኪችን ድንጋይ የምታማርጡ፣ በካሬ ዋጋ ብቻ እንዳትዋዋሉ። «ከነገጠማው» በሚለው ቃል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሲንክ ቀዳዳ የለም፣ የጠርዝ ፖሊሽ የለም፣ አሮጌውን ማንሳትም የለም። ይህ የሚነገራችሁ ድንጋዩ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ሌላ ሻጭ ጋ መሄጃ የላችሁም።

ልኩን ራሳችሁ አስሉት። አንዱ ክንፍ 3 ሜትር፣ ሌላው 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ የሆነ ባለ ማዕዘን ኪችን እንውሰድ። ሻጩ ሁለቱንም በ0.6 አባዝቶ «3 ካሬ» ይላል። ማዕዘኑ ግን ሁለቴ ተቆጥሯል፤ ትክክለኛው 2.64 ነው። 0.36 ካሬ ለአንድ ቤት ኢምንት ይመስላል፤ ስምንት ቤት ስታድሱ ግን 2.88 ካሬ ይደርሳል፣ አንድ ሙሉ ኪችን ሸፍኖ ይተርፋል። ብክነት ማስከፈል ነውር አይደለም፤ ግን «ብክነት» ተብሎ ይጻፍ፣ ትራፊውም የእናንተ ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት ይሆናል። ለብቻው የሚታሰበው የፊት ጠርዝ እዚህ 3.8 ሜትር ነው፣ ክፍት የሆነ ጫፍ ካለ በየጫፉ 60 ሳንቲ ይጨመራል። ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ 10 ሳንቲ ዞኮሎ ከፈለጋችሁ ደግሞ ግማሽ ካሬ።

«ባለ 4 ሳንቲ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ 2 ሳንቲ ድንጋይ ሆኖ ከፊቱ ስር ቁራጭ የተለጠፈበት ነው። አሠራሩ ችግር የለውም፤ ችግሩ በ4 ሳንቲ ዋጋ መሸጡ ነው። ሜትራችሁን ከኋላ በኩል ወይም ሲንኩ ቀዳዳ ላይ አድርጉት። ግራናይት በ2 ሳንቲ ውፍረት በካሬ 54 ኪሎ፣ በ3 ሳንቲ 81 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የረጠበ ቺፕውድ ካቢኔት ላይ ባታስጭኑት ይሻላል።

ድንጋዩ ጥቁር ከሆነ፣ ነጭ ጨርቅ በአሴቶን አርሳችሁ የናሙና ቁራጭ ላይ እሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ቀለም የተቀባ ነው፣ ጊዜ ሲያልፍ ይነጣል። ሌላ ቁራጭ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉና 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ቦታው ከጠቆረ ድንጋዩ ይመጥጣል፣ ዘይትም እንዲሁ ይገባበታል።

ለኪራይ ቤት እምነበረድ በጭራሽ። ሎሚና ኮምጣጤ ገጹን ይበሉታል፣ ተከራይ ደግሞ ለእናንተ ድንጋይ ብሎ ሎሚ መጭመቅ አይተውም። ሰው ሠራሹ ኳርትዝ እድፍ በቀላሉ አይዝም፣ ግን ማያያዣው ሙጫ ስለሆነ ከእሳት የወረደ ድስት ያቃጥለዋል። ዝንጉርጉር ግራናይት ጭረቱንም እድፉንም ይሸሽጋል። ፎርማይካም አይናቅ፤ የሚሞተው በሲንኩ ቀዳዳ ዙሪያ ቺፕውዱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስለሆነ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ሲንኩ ከመግባቱ በፊት በሲልከን ይደፈን። ምርጫውን የሚወስነው ሒሳብ ነው፦ የውዱንና የርካሹን ዋጋ ልዩነት፣ ውዱ በየወሩ ሊጨምር በሚችለው ኪራይ አካፍሉ። የሚወጣው የወር ብዛት ከሚቀጥለው እድሳት የሚያልፍ ከሆነ ርካሹን ያዙ።

ልክ የሚወሰደው ካቢኔቱ ተገጥሞ በውሃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ፣ ሲንኩና ምድጃውም በእጅ ሲኖሩ ነው። በስልክ ልክ ተቀብሎ «ቤት እናስተካክለዋለን» የሚል ገጣሚ ያለ ውሃ በግራይንደር ሊቆርጥ ነው። በተለይ የኳርትዝ አቧራ ሳንባ ያጠፋል፤ አውስትራሊያ ሰው ሠራሹን ድንጋይ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ድንጋዩ ሲገባ አቁመው ይሸከሙት፤ አጋድመው ከያዙት ከሲንኩ ቀዳዳ ፊት ያለችው ቀጭኗ ክፍል ትሰነጠቃለች፣ ከዚያም በሙጫ ደፍነው ዝም ይላሉ። በጥፍራችሁ ዳስሱት፣ መብራት አግድማችሁ እዩት። መገጣጠሚያው ሲንኩ ላይ እንዳይውል በውሉ ይግባ።

የመጨረሻውን ክፍያ ያዙት። ሲልከኑ አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ ሲንኩን እስከ አፉ ውሃ ሙሉና ልቀቁት፣ ከስር በደረቅ ሶፍት ዙሪያውን ጥረጉ። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ክፈሉ።