አስተኝቶ ወይስ ቤት ልኮ?

ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን አንዲት የፋርማሲ ተማሪ ጠየቀችኝ፦ ለኮኬይን ሱስ የታሰበ መድኃኒት ደህንነቱ የሚፈተሸው ሰውን ሆስፒታል አስተኝቶ ነው ወይስ ቤቱ ሆኖ?

አስተኝቶ፦ ውድ ነው። አልጋ፣ ነርስ፣ የልብ ክትትል። ግን ዋናው ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ነው፤ መድኃኒቱን ወስዶ ኮኬይን ቢደግምስ? ስለዚህ ቀድሞውኑ ተጠቃሚ ለሆኑ ፈቃደኞች ኮኬይኑ ራሱ ተመጥኖ በደም ሥር ይሰጣል፤ ግፊትና የልብ ምት ይለካል። (እኔም መጀመሪያ ስሰማ ደንግጫለሁ።)

ቤት ልኮ፦ ይረክሳል፣ ብዙ ሰው ይይዛል። ሽንት ይመረመራል። መጠጥ ከተቀላቀለ ግን ጉበት ከሁለቱ ኮካኤቲሊን የሚባል ለልብ አደገኛ ውህድ ይሠራል፤ አጠገቡ ሐኪም የለም።

ለአዲስ መድኃኒት መጀመሪያ አልጋው። ነባሩስ? ለኮኬይን ሱስም የተሞከረው ዳይሰልፊራም አሜሪካ ውስጥ ለመጠጥ ሱስ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ ሆኖም የኮኬይንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። እሱንም አስተኝቶ ማየት ይሻላል። ሳምንታት ሲወሰድ ይስማማል ወይ ለሚለው ግን ቤት።