ካሽሚርኛ ለማስተርጎም የቱ ይሻላል?

ጎግል ላይ አትድከሙ። እ.ኤ.አ. በ2024 በአንዴ 110 ቋንቋ ሲጨምር አፋርኛ ገባ፣ ካሽሚርኛ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 የሕንድ ቆጠራ 6.8 ሚሊዮን ያህል ሰው አፍ መፍቻዬ ብሎታል እኮ! አንዳንዱ ታዲያ የፓኪስታኑን ቋንቋ ኡርዱን መርጦ ይልካል። በሕንድ ካሽሚር ትልቋ ከተማ በስሪናገር ያለ ሻል ነጋዴ ይገባው ይሆናል፣ ግን ፊደላቸው ስለተመሳሰለ አንድ ቋንቋ ናቸው ማለት አይደለም።

ለተራ መልእክት የማይክሮሶፍቱን ትራንስሌተር ያዙ። ነፃ ነው፣ ስልክ ላይ ይሠራል፣ አማርኛም ካሽሚርኛም አለው። ከራሳችሁ መተግበሪያ ጋር ካገናኛችሁትም ነፃው ጥቅል በወር እስከ 2 ሚሊዮን ፊደል ይፈቅዳል፤ ለትንሽ ሱቅ ከበቂ በላይ ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው አጻጻፉ ላይ ነው። ካሽሚርኛ በብዛት የሚጻፈው ከፋርስ በመጣው የአረብ ፊደል ነው፤ የካሽሚር ሂንዱዎች ግን፣ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ከሸለቆው የተሰደዱት ፓንዲቶች ማለቴ ነው፣ ሂንዲ በሚጻፍበት ፊደል በዴቫናጋሪ ይጽፉታል። የማይክሮሶፍቱ የሚሰጣችሁ የአረቡን ነው። ሁለቱንም የምትፈልጉ ከሆነ የሜታው (የፌስቡክ ባለቤት) ኤንኤልኤልቢ (NLLB) የሚባል የትርጉም ሞዴል አለ፣ ከአማርኛም በቀጥታ ይተረጉማል፤ ትንሹን ሞዴል አውርዶ ላፕቶፕ ላይ ማስኬድ ይቻላል፣ ኮድ የሚነካካ ጓደኛ ካላችሁ። ፈቃዱ ግን ለንግድ አይሆንም፣ ይህንን ብዙ ሰው ሳያይ ያልፋል።

ለንግድ ከሆነ ከሕንዱ የማድራስ የቴክኖሎጂ ተቋም የወጣው የትርጉም ሞዴል ኢንዲክትራንስ 2 (IndicTrans2) ይሻላል። ሁለቱንም ፊደል ይችላል፣ ፈቃዱም ክፍት ነው። አማርኛ ስለማያውቅ ግን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ አለባችሁ፣ እዚያ ላይ አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም «ዩ» ሆነው ይቀራሉ። ካሽሚርኛ ደግሞ እንደኛው አንቱታ ያለው ቋንቋ ነው፤ ሽማግሌውን ነጋዴ ሳታውቁት «አንተ» ብላችሁ ቁጭ።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ሞክሩ፦ «ብርድ ነው፣ ካንግሪውን ከፌረንህ ሥር ያዝ።» ካንግሪ ፍም የሚያዝበት፣ ዙሪያው በቀጫጭን ቅርንጫፍ የተሰፋ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ፌረን ደግሞ ሰፊው የክረምት ቀሚሳቸው። ወደ ካሽሚርኛ፣ ከዚያ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አዙሩትና ምን እንደተረፈ እዩ።

ውል፣ የሐኪም ወረቀት፣ ፊርማ ያለበት ነገር ከሆነ ግን ለሰው ክፈሉ። «ኡርዱ እችላለሁ፣ ያው ነው» የሚላችሁን እለፉት። ዋጋ ከመናገሩ በፊት «በየትኛው ፊደል ልጻፈው?» ብሎ የሚጠይቃችሁን ያዙ።