ደብረ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ፣ ለስክሪንሾት ብር እንዳትከፍሉ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የደረሰብኝ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዓይነታቸውን ግን ታውቁታላችሁ። ከፊት ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን፣ ከኋላ "ፎርማት እናደርጋለን፣ ሶፍትዌር እንጭናለን"።

አስተማሪ ነኝ። ለተማሪዎቼ የኤክሴል ማስተማሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን በየደረጃው ፎቶ አንስቶ ወርድ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል። ትናንት ይህንኑ እዚያ ለሚሠራው ልጅ አስረዳሁት። "ለዚህ የሚሆን ሶፍትዌር አለ፣ ፉል ቨርዥን፣ የዕድሜ ልክ" አለኝ። 1,500 ብር በቴሌብር ላክሁለት። ደረሰኝ ስለው "ማሽኑ ተበላሽቷል" አለ።

ማታ ቤት ገብቼ ስሠራበት፣ በእያንዳንዱ ምስል ላይ ከዳር እስከ ዳር "ትሪያል"፣ ማለትም የሙከራ፣ የሚል ጽሑፍ ተጋድሞበታል። ፎርሙላው ያለበትን ሴል ሸፍኖታል። ተማሪ ከዚህ ምን ሊያነብ ነው?

ዛሬ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ተመለስኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። "አንዴ ከተጫነ አይመለስም። ጽሑፉ እንዲጠፋ ከፈለግሽ ሌላ 800 ብር ጨምሪ።" እየተከራከርን ሳለ የእሱ ፕሪንተር እምቢ አለ፤ ስክሪኑ ላይ የስህተት መልእክት መጣ። ለባለሙያ ሊልከው ፈለገ። ኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስንና የሺፍትን ቁልፍ ይዞ ኤስን ተጫነ። ስክሪኑ ደብዘዝ አለ። በማውሱ መልእክቷን ብቻ ከበባት። ቴሌግራም ከፍቶ በኮንትሮል ቪ ለጠፋት፣ አለቀ። ለእኔ የሸጠልኝን ሶፍትዌር ዞር ብሎም አላየው!

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "እሱማ ከዊንዶውሱ ጋር የሚመጣ ነው" አለኝ።

"ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽማ! እህታለም፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ላፕቶፕ ምን ያደርግለታል?" ጓደኛው ከኋላ ሆኖ ሳቀ።

ደሜ ፈላ። የጠየቅሁት እኮ ይህንኑ ነበር፤ የስክሪን ፎቶ ማንሻ ነው ያልኩት። ቤቴ ያለውን በግ ለእኔው ሸጠልኝ ማለት ነው። ከብሩ ይልቅ ያቃጠለኝ ያ ሳቅ ነው። እኔስ እሺ፣ ቆሜ ተከራከርኩ። ከቢቸና፣ ከሉማሜ የመጀመሪያ ላፕቶፑን ይዞ የሚመጣውን የገበሬ ልጅ ምን ያህል እየላጩት ይሆን? ይህ አዲስ ነገር ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። ስኒፒንግ ቱል የሚባለው ማንሻ እኮ በ2007 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣል።

ስለዚህ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያላችሁ፣ ዊንዶውስ፣ ሺፍትና ኤስ በቂያችሁ ነው። ሙሉው ስክሪን በፋይል እንዲቀመጥ ዊንዶውስና ፕሪንት ስክሪንን አብራችሁ ተጫኑ፤ ፒክቸርስ ውስጥ፣ ስክሪንሾትስ የሚል ፎልደር ታገኙታላችሁ። የተከፈተውን መስኮት ብቻ ከሆነ አልትና ፕሪንት ስክሪን፣ ከዚያ መለጠፍ። ከዚህ በላይ ለሚፈልግ ሼርኤክስ፣ ስክሪኑን በቪዲዮ ለመቅረጽ ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ሁለቱም በነጻ ነው የሚወርዱት።

እኔ የቴሌብሩን መልእክት ይዤ ነገ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። እናንተ "የደረሰኝ ማሽኑ ተበላሽቷል" ካሏችሁ ብሩን ሳትልኩ ውጡ።