ከድሬዳዋ ዋሽንግተን፦ ከእናቴ ጋር የሄድኩበት በረራ

እናቴን እህቴ ጋ ዋሽንግተን አድርሼ ተመለስኩ። በዕድሜ ለገፋ ወላጅ ትኬት የምትቆርጡ ይህን ብታውቁ ደስ ይለኛል።

እኛ ያለንባት ሐረር ኤርፖርት የላትም። ጉዞው የሚጀምረው በደንገጎ ቁልቁለት ድሬ በመውረድ ነው፤ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ። ከድሬ አዲስ አበባም በአየር ያው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የድሬ ኤርፖርት ትንሽ ስለሆነ እማዬ ብዙ አልተራመደችም። በዚህ በጣም ደስ ብሎኛል።

ከባዱ ከአዲስ ዋሽንግተን ነው፤ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲመለሱ ያለ ማረፍ 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ሲሄዱ ግን አውሮፕላኑ መሀል ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ያርፋል፤ ሰዓቱም በብዙ ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ በሙሉ ጭነትና ነዳጅ መነሳት ያስቸግራል። ወደ ምዕራብ ሲበረር ደግሞ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው።

ድሬ ከዚራ ሰፈር ያለው ትኬት ቆራጭ ግን "13 ሰዓት ነው" ብሎ የመልሱን ነገረን። እማዬ ስኳር አለባት። ምግቧንና መድኃኒቷን ያሰብኩት በዚያ ልክ ነበር። በጣም ተናድጃለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለደንበኛ መነገር ነበረበት።

አስተናጋጆቹ ግን እግዜር ይስጣቸው፤ ምግቧን ቀድመው አመጡላት።

ስትቆርጡ የት እንደሚያርፍ ጠይቁ። ዊልቸርም ያኔውኑ እዘዙ። ትኬቱ ላይ ያለው የመድረሻ ሰዓት የዋሽንግተን ነው፤ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ይላል።