ለቮልስ የኋላ ጎማ የትኛውን ክሪክ እንግዛ?

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ አሮጌ ቮልስ የሚነዱ ወዳጆቼ ብዙ ባይሆኑም፣ የመኪናው የራሱ ክሪክ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ በምን እንተካው? ጥያቄው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰኝ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። በቅርቡ አንድ ወዳጄ «5 ቶን» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የዘይት ክሪክ በ4,500 ብር ገዝቶ ቮልሱን አነሣበትና፣ ጎማውን አውጥቶ ተጠባባቂውን እስኪያመጣ ድረስ መኪናው ቀስ በቀስ ወደ መሬት ወርዶ ጠበቀው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሌላ ሰው ለተመሳሳይ ዕቃ ተመሳሳይ ብር እንዳይከፍል ነው።

በመጨረሻ በጠየቅሁበት ጊዜ እዚህ ማርቆስ ባለ 2 ቶኑ የዘይት ክሪክ ከ3,000 እስከ 3,800 ብር፣ ባለ 5 ቶኑ ከ4,500 ብር ጀምሮ፣ ከተፈታ የጃፓን መኪና የወጣ ያገለገለ ባለ ጥርስ ክሪክ (ጥርስ ባለው ዘንግ እየተጠመዘዘ የሚነሣው ተጣጣፊው) 1,500 ብር ገደማ፣ በአራት ትናንሽ ጎማዎች የሚንከባለለው የጋራዥ ክሪክ ደግሞ ከ11,000 ብር በላይ ይባል ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ ሲነገርዎት ቀኑንም አብረው መያዝ ስለሚያስፈልግ፣ ከቁጥሮቹ ይልቅ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይመልከቱ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም ባሕር ዳር ጥቂት መቶ ብር እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቢያፈስስ ወስደው የማይመልሱት ዕቃ የረከሰ አይደለምና፣ እኔ ልዩነቱን ከፍዬ በእግሬ ሄጄ ልከራከረው ከምችለው ነጋዴ እገዛለሁ።

አስቀድሜ ምርጫዬን ልናገር፤ ባለ 2 ቶኑ ትንሽ የዘይት ክሪክ ነው፣ ያውም ተፈትቶ ዘይቱ እንዳያፈስስ የሚይዘው ጎሚኒ የሚቀየርለት ዓይነት። «ባለ 5 ቶኑ አይሻልም ወይ?» የሚለው ክርክር ለቮልስ አይሠራም። መኪናው በሙሉ 800 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው፤ እርስዎ የሚያነሡት ደግሞ አንዱን የኋላ ጥግ ብቻ ነው። ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ ያ ጥግ ከፊቱ ይከብዳል፤ ቢከብድም ለ2 ቶን ቀላል ሥራ ነው። የቶኑ ቁጥር በጨመረ መጠን የክሪኩ ቁመትም ስለሚጨምር፣ ተጨማሪ 1,000 ብር ከፍለው ጎማው በተነፈሰ ጊዜ ከመኪናው ሥር የማይገባ ብረት ይገዛሉ። ባለ 2 ቶኑ ተዘግቶ ሳለ ቁመቱ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ እሱም ቢሆን አንዳንዴ አልገባም ስለሚል የተነፈሰውን ጎማ አስቀድሞ በሳንቃ ላይ መንዳት ይጠይቃል።

ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት፣ ከመርገጫው ሥር ባለው ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ የሚሰካ ነው። ሲሠራ ፈጣን መሆኑን አልክድም። ችግሩ ክሪኩ ሳይሆን ቀዳዳው የተበየደበት ላሜራ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት ጭቃና ውኃ በኋላ ብዙዎቹ ዝገዋል፣ የዛገው ደግሞ የሚበጠሰው መኪናው ከመሬት ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ ከአዲስ የዘይት ክሪክ በላይ ሲጠየቅበት ለመግዛት የሚቸኩሉት ሰዎች አይገቡኝም።

ባለ ጥርሱ ክሪክ ዘይት የለውም፣ አያፈስስም፣ ግራሶ ብቻ ይበቃዋል። የሚገዙት ከሆነ ያገለገለውን የጃፓኑን ይውሰዱ፤ አዲስ የሚመጡት አስመስሎ የተሠሩት የጥርሱ ብረት ለስላሳ ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ከሠሩ በኋላ ይበላል። ሁለት ነገሮች ግን አይመቹኝም። አንደኛ፣ ተጣጥፎ ዝቅ ባለበት ቦታ ላይ እጅግ ደካማ ነው፤ ጎማ የተነፈሰበት መኪና ደግሞ ሥራ የሚያስጀምረው እዚያው ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ራሱ ላይ ያለው ስንጥቅ የተሠራው ለሌላ መኪና ጠርዝ በመሆኑ ቮልስ የሚነሣበትን፣ ከኋላ ጎማ ፊት የሚያልፈውን ክብ ቱቦ አይዝም፤ ይንሸራተታል።

ስለ ጋራዡ ክሪክ ብዙ አልልም፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚስተካከለው የለም። ክንዱ ሲነሣ ክሪኩ ራሱ ጥቂት ወደ ፊት መንከባለል አለበት፤ በቢቸና ወይም በሞጣ መንገድ ዳር በመረሬ አፈር ላይ ጎማዎቹ ስለሚሰምጡ መንከባለሉን ትቶ መኪናውን ወደ ራሱ ይጎትታል። ያን ዋጋ ለጋራዥ ባለቤት እንተውለት።

አሁን ወደ ዘይት ክሪኩ ልመለስ፤ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነው። ገበያው ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ አናቱ በቁልፍ የሚፈታ፣ ጎኑ ላይ በጎሚኒ ክዳን የተደፈነ የዘይት መሙያ ያለው ሲሆን፣ ሌላው ዙሪያውን ተበይዶ የተዘጋ ነው። ሁለተኛው ሲያፈስስ ወደ ቁራሌው ከመሄድ በቀር ዕጣ የለውም። የመጀመሪያውን ግን ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ጎሚኒውን ቀይሮ በጥቂት መቶ ብር ይመልስልዎታል። ወረቀቱን አያንብቡ፤ ባለ 2 ቶን ክሪክ ላይ «5» የሚል መለጠፍ ምንም አያስቸግርም። ያገለገለውን በቀይ ቀለም ነክረው አዲስ ነው የሚሉም አሉና፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ብረት ገልጠው ይመልከቱ፤ ከተጫረ ወይም የዝገት ነጥብ ካለው ነገ ጎሚኒውን ይቆርጠዋል። ከዚያ እዚያው ሱቁ በር ላይ መኪናውን አንሥተው፣ ጎማውን ሳይፈቱ ብረቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ሻይ ይጠጡ። ሲመለሱ ምልክቱ ከወረደ ብርዎን ይዘው ይሂዱ። ይህን ፈተና የማይፈቅድ ነጋዴ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ቀስ ብሎ መውረዱ ለቮልስ ከሌላው መኪና ይልቅ ይጎዳል። ጎማው የሚታሰረው ከውጭ በሚገቡ ቡሎኖች እንጂ ቸርኬው በሚንጠለጠልበት ዘንግ ባለመሆኑ፣ ቀዳዳን ከቀዳዳ የሚያገጥሙት በእጅዎ ነው፤ መኪናው እየወረደ ከሆነ ቀዳዳው ይሸሻል። የሚይዝ የዘይት ክሪክ ግን በጣት ውፍረት ከፍና ዝቅ ያደርግልዎታል።

ዘይቱ ሲጎድል የክሪክ ወይም ሌላ ቀጭን የሃይድሮሊክ ዘይት ይሙሉ። የፍሬን ዘይት አይጨምሩ፤ ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሸዋል። ብዙ መካኒኮች እጃቸው ላይ ያለው እሱ ስለሆነ ይሞሉልዎታል፣ ከወር በኋላ ለጎሚኒ ሲመለሱ ግን ማንም አያስታውሰውም። የሞተር ዘይትም በማርቆስ ማለዳ ብርድ ወፍሮ ያታክትዎታል።

አነሣሡን በተመለከተ፣ ክሪኩ የሚገባው ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ከግራ ወደ ቀኝ ከሚያልፈው ወፍራም ቱቦ ጫፍ ሥር ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው ሥር በፍጹም አይሆንም። ቡሎኖቹን መኪናው መሬት ላይ ሳለ ላላ ያድርጓቸው። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ አንዱ ከተነሣ የሚቀርዎት አንድ ነው፤ ማርሽ ውስጥ መክተትም አያድንም፣ ዲፈረንሻሉ የተነሣውን ጎማ አዙሮ መኪናው እንዲሄድ ይፈቅዳልና። ስለዚህ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይግባባቸው። ድንጋይ ከተጠቀሙ ሲጨርሱ ከአስፋልቱ ያንሡት፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ የሌላውን ጎማ ይጠብቃል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ከተነፈሰብዎት ደግሞ ጎማው ቢበላሽም እስከ ሜዳው ድረስ ቀስ ብለው ይንዱት፤ ከአዲስ ጎማ ዋጋ ጋር የሚነጻጸረው ሌላው ወጪ በብር የሚቆጠር አይደለም። የወጣውን ጎማ ከመኪናው ጎን ሥር ያስተኙት፤ ክሪኩ ቢከዳ ላሜራው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ከክሪኩ ጋር የሚመጣው እጀታ በአስመሳዮቹ ላይ ሁልጊዜ ቀጭን ነው፤ ይታጠፋል። ብረታ ብረት ቤት ልክ የሚገባ ቱቦ ያስቆርጡ፤ አናጺ ዘንድ ደግሞ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ጥቅጥቅ ያለ የባሕር ዛፍ ሳንቃ፣ ውፍረቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ የክሪኩን እግር በሁሉም ጎን የሚያልፍ ይጠይቁ። ለሁለቱ ከ300 ብር በላይ ከተጠየቁ ይከራከሩ።