«ባክአፕ ተካቷል» የሚል ፕሮፎርማ ከደረሳችሁ ቶሎ አትፈርሙ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ የሰርቨር ፕሮፎርማ በቴሌግራም ላከልኝ። «እስቲ እየው፣ ዋጋው ያዋጣል?» ይላል። ዋጋውን ገና ሳላይ ዓይኔ ተራ ቁጥር 6 ላይ ተተከለ። «ባክአፕ ሶሉሽን፣ ብዛት 1፣ 185,000 ብር።» ከዚህ ሌላ ምንም የለም። ምኑን ነው የሚያስቀምጠው? የት? በስንት ቀን አንዴ? ዝም። ብዛት 1።

ይቺን መስመር አውቃታለሁ። እኛ መሥሪያ ቤትም የገባችው በዚሁ ቃል ነው። ያኔ 120,000 ነበረች፣ ከነቫቱ 138,000። እሷም እንደ ዘይት ጨምራለች።

የሻጩን ስም አልጠራም። ብጠራው ነገ በሌላ ንግድ ፈቃድ ይመጣል። አሠራሩን ካወቃችሁ ግን በየትኛውም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

እኔ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ድርጅት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። «የአይቲ ክፍል» ይሉናል፤ ክፍሉ እኔ ብቻ ነኝ። ጥቅምት 2016 ላይ ያገለገለ ዴል ፓወርኤጅ ሰርቨር ገዛን። ቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ የሚባል፣ አንዱን ሰርቨር ለብዙ ማሽን የሚያካፍል ፕሮግራም ተጫነበት፣ በላዩ ሦስት ቨርችዋል ማሽን ተሠራ። አንዱ ፒችትሪ ያለበት የሒሳብ ማሽን ነው፣ ሁለተኛው የጋራ ፋይል፣ ሦስተኛው የሠራተኛ አሻራ። ለማያውቀው ሰው፣ አንድ ብረት ውስጥ ሦስት ኮምፒውተር እንደማስገባት ነው። ጥቅሙ ብዙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ብረቱ ሲሞት ሦስቱም አብረው መሞታቸው ነው። ለዚህ ነው ባክአፕ የሚባለው መጠባበቂያ ኮፒ እንደ ተጨማሪ ዕቃ የማይታየው።

ኅዳር 2017፣ ሰኞ ጠዋት። መብራት ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ። የዩፒኤሱ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል። ሰርቨር ሩሙን ስከፍት ከሦስቱ ዲስኮች ሁለቱ ብርቱካንማ ያበራሉ። እውነቱን ልናገር፣ አንዱ ብርቱካንማ ከሆነ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። ለሻጩ ደውዬ «ሬይድ ስለሆነ ችግር የለውም፣ ስንመጣ እናየዋለን» ብሎኝ ተኛሁ። ሬይድ ማለት ዲስኮቹን እንደ አንድ አጣምሮ ማሠራት ነው፤ የእኛው ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ሲሞት ይሸከማል። ሁለት ሲሞት ያለው የለም። ይህንን እያወቅኩ መተኛቴ የራሴ ጥፋት ነው፤ እሱን በማንም አላላክክም።

ደወልኩ። «አትጨነቅ፣ ባክአፕ አለ አይደል?» አለኝ ቴክኒሻኑ። ልቤ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ላፕቶፑን ሰካ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አቀርቅሮ ቆየ።

«ባክአፑ የት ነው ያለው?» አልኩት።

«ዳታስቶሩ ላይ ነው።»

«የትኛው ዳታስቶር?»

መልስ አልሰጠኝም። ዳታስቶር ማለት የማሽኖቹ ፋይል የሚቀመጥበት የሰርቨሩ ዲስክ ነው፤ ያለን ደግሞ አንድ ነው። እሱም ፊት ለፊታችን ብርቱካንማ እያበራ ነበር።

ነገሩ ቆይቶ ሲገባኝ እንዲህ ነው። ባክአፕ ተብሎ የተሸጠልን ስናፕሾት ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚች ጋ ነው።

ስናፕሾት ስትወስዱ ማሽኑ አይቀዳም። የሚሆነው፣ ዋናው የዲስክ ፋይል እንዳይነካ ይቆለፍና ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ሁሉ ጎኑ በሚከፈት ሌላ ትንሽ ፋይል ላይ ይጻፋል። የሒሳብ መዝገብ ቆልፋችሁ አዲሱን ሒሳብ በነጠላ ወረቀት ላይ እየጻፋችሁ መዝገቡ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ወረቀቱ ያለ መዝገቡ ምንም አይናገርም። ሁለቱም ያሉት ደግሞ አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው ሲቃጠል የትኛው ይተርፋል?

ስናፕሾት መጥፎ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። አፕዴት ከመጫናችሁ በፊት ወስዳችሁ፣ ነገሩ ሰላም ሲሆን ታጠፉታላችሁ። ራሱ ቪኤምዌር ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩት፣ ተደራርቦም ከሁለት ከሦስት አይለፍ ይላል። ቢበዛ የሚደራረበው 32 ነው። ይህችን 32 ያዙልኝ።

ዲስኮቹን ዳታ ሪከቨሪ ለሚሠራ አንድ ልጅ ወሰድኩለት። የፋይሎቹን ስም ዝርዝር አወጣልኝ፣ ውስጣቸውን ግን ማውጣት አልቻለም። ዝርዝሩን አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ፒችትሪ.ቪኤምዲኬ ይላል ከላይ። ከዚያ ፒችትሪ-000001፣ ፒችትሪ-000002፣ ፒችትሪ-000003 እያለ ይወርዳል። ሁሉም ቅዳሜ ሌሊት የተፈጠሩ ናቸው። መጨረሻው 000032 ነው። የተፈጠረበት ቀን ግንቦት 2016።

ገባችሁ? ሰውየው በየቅዳሜው ስናፕሾት የሚወስድ አጭር ስክሪፕት ጽፎ ሄዷል። አንዱንም የሚያጠፋ የለም። ሠላሳ ሁለት ሲሞላ ስክሪፕቱ አልችልም ብሎ ቆመ፤ የነገረን ግን የለም። ከግንቦት እስከ ኅዳር ያ «ባክአፕ» እንኳ አልነበረም። ሒሳብ ክፍል ያሉት እትዬ ደግሞ ከፋሲካ ጀምሮ «ፒችትሪ ለምን እንዲህ ተንቀራፈፈ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እኔ ኔትወርክ እፈትሻለሁ። ለካ ማሽኑ አንዲት ደረሰኝ ለማንበብ ሠላሳ ምናምን ፋይል ያገላብጥ ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በየወሩ የጥገና ሪፖርት ይመጣልናል። ማኅተም ያለው። «ሰርቨር፦ ኦኬ። ዩፒኤስ፦ ኦኬ። ባክአፕ፦ ኦኬ።» ለዚህች ወረቀት በዓመት 60,000 ብር ለብቻ እንከፍል ነበር።

ለምን ስናፕሾት ሆነ ብዬ ጠይቄያለሁ። ምክንያቱ ራሱ የሚያናድድ ነው። የጫነልን ኢኤስኤክስአይ ነፃው ነው። ነፃው ላይ የባክአፕ ፕሮግራሞች ማሽኑን ከውጭ የሚቀዱበት በር ዝግ ነው፤ የሚከፈተው ላይሰንስ ሲገዛ ነው። ሻጩ ቪም የሚባለውን ፕሮግራም ጫነ፣ ፕሮግራሙ አልሠራም አለ፣ ትቶት ስክሪፕቱን ጻፈና ሄደ። ፕሮግራሙ ዴስክቶፑ ላይ አዶው ብቻ ተቀምጦ ነበር። የ120,000 ብሩ ዕቃ ያ አዶ ነው። የተጫነው ደግሞ የቪም ኮሚዩኒቲ ኤዲሽን የሚባለው ነው፤ እስከ 10 ማሽን ድረስ በነፃ የሚሰጥ።

አንድ ባለሁለት ዲስክ ናስም (በኔትወርክ የሚሠራ የፋይል ማስቀመጫ ሳጥን) ተሰጥቶን ነበር፣ እዚያው ራክ ላይ፣ ከሰርቨሩ ሥር። ስንከፍተው የዊንዶውስ መጫኛ ፋይሎችና የሦስቱ ማሽኖች አንድ አንድ ኮፒ አገኘን። ደስ ብሎኝ ልጮህ ነበር። ቀኑን ሳይ ጥቅምት 2016። የተረከብንበት ዕለት የተወሰደ ነው። ሦስቱም ማሽኖች ተነሡ፣ አስራ ሦስት ወር ወደኋላ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሻጩ ጋ ሄደን ስንከራከር ሁለት ወረቀት አወጣ። አንዱ ውሉ ነው፤ ባክአፕ የሚለው ቃል እንጂ ዝርዝር የለበትም። ሁለተኛው የርክክብ ሰነድ ነው፤ «ሁሉም ተሟልቶ፣ ተሞክሮ ተረክበናል» ይላል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ። ሞከርኩት? አልሞከርኩም። አሳየኝ፣ አረንጓዴ ነገር አየሁ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ፈረምኩ።

የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ያለው የሰርቨር አከራዩ የኦቪኤች ዳታ ሴንተር እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 ሲቃጠል፣ ከፍሎ ባክአፕ የገዛ ደንበኛ ባክአፑ እዚያው ከሰርቨሩ ጋር አብሮ እንደነደደ የሰማው ከእሳቱ በኋላ ነው። እሱስ ፍርድ ቤት ሄዶ 2023 ላይ ተፈረደለት። ውሉ ላይ የተጻፈ ነገር ስለነበረው ነው። የፕሮግራመሮች ኮድ ማስቀመጫ የሆነው ጊትላብም እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ሠራተኛ በስህተት ዳታቤዙን ሲያጠፋ፣ በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ባክአፕ ለካ ሳይሠራ ቆይቷል፤ አልሠራም የሚለው ኢሜይልም ለሰው አይደርስም ነበር። ያተረፋቸው አንድ ኢንጂነር ለሌላ ጉዳይ ከስድስት ሰዓት በፊት የወሰደው ኮፒ ነው። የ«ኦኬ» ወረቀት እዚያም አለ ማለት ነው።

እና ምን ላድርግ ለሚለኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁልኝ ይበቃኛል። ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩ አንድ ማሽን ፊታችሁ ሪስቶር ያድርግ፣ ማለትም ከባክአፑ መልሶ ያንሣ። ቪዲዮ ወይም ስክሪንሾት አትቀበሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከትላንት ሌሊቱ ባክአፕ የሒሳቡን ማሽን በሌላ ስም እንዲያነሣው ንገሩት። ከማብራቱ በፊት የኔትወርክ ካርዱን ይንቀለው፤ አለበለዚያ አንድ አይፒ ያላቸው ሁለት ማሽኖች ይጋጫሉ፣ ቢሮው ይታመሳል። ከተነሣ በኋላ እናንተ ራሳችሁ ግቡ። ዊንዶውሱ ስለተከፈተ ጨርሻለሁ እንዳይላችሁ። ፒችትሪውን ክፈቱ፣ የትላንቱን የመጨረሻ ደረሰኝ ፈልጋችሁ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ሰው እየሠራበት በጥድፊያ የተቀዳ ዳታቤዝ ላይ ላዩን ሲያዩት ጤነኛ መስሎ ሲከፈት የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ስንት ሰዓት እንደፈጀም ያዙ። ስድስት ሰዓት ከፈጀ ክፉ ቀን ሲመጣም ከዚያ አያንስም።

የት እንደሚቀመጥም በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ቢያንስ አንድ ኮፒ ከሕንፃው ውጭ ይሁን። የባክአፑ ፓስወርድ ከሰርቨሩ የተለየ ይሁን። ናሱ እንደ ተራ ሼርድ ፎልደር ክፍት ከሆነ ቫይረስ ፋይላችሁን ሲቆልፍ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ የኢኤስኤክስአይ ሰርቨሮች እንዲህ ሲቆለፉ፣ የተገባባቸው ቀዳዳ መድፈኛው ከሁለት ዓመት በፊት የወጣለት ነበር። የእኛውም ከተጫነበት ቀን ጀምሮ አፕዴት አይቶ አያውቅም። ከክፍያውም ጥቂት ያዙ። ኮንትራክተር ላይ ሪቴንሽን ይያዛል አይደል? ሰርቨር ላይ ማን ከለከለን? ሁለተኛው ሪስቶር ከወር በኋላ ሲሳካ ቀሪው ይከፈል።

እኛ አሁን ፕሮክስሞክስ በሚባል፣ የኢኤስኤክስአይን ሥራ በሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ላይ ነን። ነፃ ነው፣ ባክአፑም አብሮት የተሠራ ነው፣ ለእሱ ለብቻ የሚገዛ ነገር የለም። በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱን ማሽኖች ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይቀዳል። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፣ የፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር ጭኜበት ቃሊቲ መጋዘናችን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የመጀመሪያውን ሙሉ ኮፒ እዚሁ ቢሮ አስቀድቼ፣ ብረቱን በራይድ ጭኜ ነው የወሰድኩት። ሾፌሩ «ማይክሮዌቭ ነው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ በኢንተርኔት የሚሄደው የተቀየረው ብቻ ስለሆነ መስመሩን አያጨናንቅም። ሁለት ኤክስተርናል ዲስክም አለኝ፤ በየሳምንቱ ይፈራረቃሉ፣ አንዱ ሁልጊዜ ቤቴ ነው። በወር አንድ ቀን ደግሞ እትዬ ራሳቸው መጥተው ከተነሣው ማሽን ላይ አንድ ደረሰኝ ያወጣሉ። እሳቸው ካልፈረሙ እኔም አልፈርምም።

የጠፋው አስራ ሦስት ወርስ? ሒሳብ ክፍል ከወረቀት ቫውቸር፣ ከባንክ ስቴትመንትና ከካሽ ሬጅስተር ጥቅል እያነበበ እንደገና አስገባው። ሁለት ተጨማሪ ልጆች ተቀጠሩ። አራት ወር ፈጀ። የጥቅሎቹ ጽሑፍ ደግሞ ይደበዝዛል፣ አንዳንዱን በስልክ መብራት ነው ያነበቡት።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ አልጻፍኩለትም። «ሻጩን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅልኝ፤ ከመፈረማችን በፊት አንድ ማሽን ፊታችን ሪስቶር ታደርጋለህ ወይ በለው» አልኩት። ጠየቀው። መልሱ ከሁለት ቀን በኋላ መጣ።

«ሪስቶር በዋጋው ውስጥ አልተካተተም።»