ኦፕቲካል ወይስ ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ፦ ለሆም ቲያትር የቱን ገመድ እንግዛ?

ቲቪና ሆም ቲያትር በምን ይገናኙ ለሚለው የዘወትር ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፤ መብረቅ በሚያሰጋበት ቤት ኦፕቲካል ግዙ።

ኤችዲኤምአይ መዳብ ነው፤ ኤአርሲ የሚባለውም የቲቪውን ድምፅ በዚሁ ገመድ ወደ ሆም ቲያትሩ የሚልከው ነው። መብረቅ በዲሹ ገመድ ከገባ ከሪሲቨሩ ወደ ቲቪው፣ ከቲቪው ወደ ሆም ቲያትሩ ይሻገርበታል። የሚቃጠለው ቦርዱ ላይ ያለው ቺፕ ስለሆነ ጥገና ቤት ብዙ ጊዜ «ቦርዱ ይቀየር» ነው የሚባለው። የቦርዱን ዋጋ ስትሰሙ ገመዱ ርካሽ እንዳልነበር ይገባችኋል። በኦፕቲካል የሚያልፈው ብርሃን ብቻ ስለሆነ ቲቪው ቢመታ እንኳ ሆም ቲያትሩ ይተርፋል። ከሶኬት የሚመጣውን የመብራት መዋዠቅ ግን አያስቀርም፤ ለዚያ ስታቢላይዘር አለ።

ኤአርሲ የሚያሸንፈው ሁለት ቦታ ነው፤ ድምፁን በቲቪው ሪሞት መጨመርና መቀነስ ያስችላል፣ ዕቃዎቹ ከቻሉም ዶልቢ አትሞስን (ድምፅ ከላይም የሚመጣ የሚያስመስለውን) ያሳልፋል። ኦፕቲካል 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ ቤዝ) ላይ ይቆማል። ለዲሽና ለዩቲዩብ እሱም ይተርፋል።

ኮፒው የሚያስቸግረው ኤአርሲ ላይ ነው። አንዳንድ ርካሽ ገመድ ውስጥ 14ኛው ፒን ሽቦ የለውም። ምስል አጥርቶ ስለሚያሳይ ሱቅ ሲሞከር «ይኸው ይሠራል» ይሏችኋል፤ የኤአርሲ ድምፅ የሚመለሰው ግን በዚያው ፒን ነው። ስለዚህ ምስሉን ትታችሁ ድምፁን አስሞክሩ። ሁለቱም ሶኬቶች ላይ «ኤአርሲ» መጻፉንም እዩ፤ የድሮ ባለ ዲቪዲ ሆም ቲያትሮች ብዙዎቹ ምስል ወደ ቲቪ ይልካሉ እንጂ ድምፅ አይቀበሉም።

ኦፕቲካል ስትገዙ «ጫፉ ወርቅ ቅብ ነው» ብለው ዋጋ ቢሰቅሉ አትስሙ፤ ብርሃን ወርቅ አይፈልግም። ለ1.5 ሜትር ኦፕቲካል ከተራ የ1.5 ሜትር ኤችዲኤምአይ በላይ አትክፈሉ። አንዱን ጫፍ ቲቪው ላይ ሰክታችሁ በሌላው ቀይ ብርሃን ከታየ ገመዱ ብርሃን ያሳልፋል ማለት ነው። ጫፎቹ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ሳያወልቁ እየገፉ ሶኬቱን የሚሰብሩ ብዙ ናቸው። ግድግዳ ጥግ ላይም አትጠፉት፤ ውስጡ ይሰበራል።

ሆም ቲያትሩ ቀይና ነጭ ሶኬት ብቻ ካለው፣ ካርቶኑ ላይ 5.1 ቢጻፍም ከቲቪው የሚቀበለው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ለእሱ የኦፕቲካሉን ድምፅ ወደ ቀይና ነጭ የሚቀይር ባለ 5 ቮልት ትንሽ መቀየሪያ ይገዛል፤ ርካሾቹ በዶልቢ የታመቀ ድምፅ ስለማይገባቸው ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ የዲጂታል ድምፁን ፒሲኤም (ያልታመቀ ድምፅ) ላይ አድርጉ። ይህን ሳያውቁ «ተበላሽቷል» ብለው የሚመልሱት ብዙ ነው።